የኔ እንቅርትና የእትዬ ደብሬ ምንጣፍ

መርሳ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስቤ ነው። አንደኛው፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት እየከሳ፣ ልቡ እየደለቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ "ታይፎይድ ነው" እየተባለ ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ቸግሮኛል" ከሚል ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነው። የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛው አባቴ ናቸው። እኛ አገር እንደሳቸው ያለው ስለሚበዛ፣ የኔን ሕመም ካወራሁ የሳቸውንም አብሬ ባወራ ይሻላል ብዬ ነው።

ስሜ ዘይነባ ነው፤ ሰፈሩ ዘይኑ ይለኛል። ከባለቤቴ ከተለያየን ወዲህ ከአባቴ ከሰይድ ጋር፣ ከገበያው ወረድ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። የቤቱ እንጀራ አንዲት በእግር የምትረገጥ የስፌት ማሽን ናት። ዩኒፎርም፣ ጅልባብ፣ የገጠር ሴቶች ቀሚስ፣ የሠርግ ሰሞን ደግሞ መጋረጃ እሰፋለሁ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ቀጠሮው ሳይደርስ መጥቶ "አላለቀም እንዴ?" የሚለኝን ደንበኛ በሰላም አልሸኘውም። ጠባዬን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም። በሽታው ሲጀምረኝ ከወትሮው የባሰ ቁጡ ሆኜ ነበር፤ ሰው ግን "ዘይኑ መች ሳትቆጣ ውላ ታውቃለች!" እያለ አለፈው።

የጀመረኝ ላብ ነው። ሰው ጋቢ ደርቦ በሚሄድበት የኅዳር ብርድ እኔ በሩን በርግጄ እሰፋለሁ። ቀጥሎ ረሃብ መጣ። ጠግቤ በልቼ ገና ሰሃኑን ሳላጥብ ይርበኛል። አባቴ "ማሻአላህ፣ ምግብ ተስማማሽ" ይሉኛል፤ እኔ ግን የራሴን ቀሚስ ጎን ለሁለተኛ ጊዜ አጥብቤ ነበር። ሌላው ሰው መክሳቱን በሚዛን ያውቀዋል፣ ልብስ ሰፊ በቀሚሱ። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ላይ ክር የማስገባው እኔ፣ ክር አስገቡልኝ እያልኩ ጎረቤት መጥራት ጀመርኩ። ስፌቴ ተጣመመ። አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም መልሳ አመጣችና እጅጌውን ብቻ ዘርግታ አሳየችኝ። ያን ቀን አልተቆጣሁም፤ አለቀስኩ።

ሌሊት ሌሊት ይብስብኝ ነበር። በግራ ጎኔ ስተኛ ልቤ ትራሱ ውስጥ ገብታ የምትመታ ይመስለኛል። "ነገ ሳልነሳ ብቀር አባቴን ማን ያያቸዋል?" እያልኩ የሱብሒ አዛን እጠብቃለሁ። አዛኑን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ሌሊት አለፈ ማለት ነው።

ክሊኒክ አልሄድኩም እንዳትሉኝ። አንዱ ጋ ሄድኩ፣ ደም ወስደው "ታይፎይድና ታይፈስ" አሉኝ። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ላቡ አልጨረሰም። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ "ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ" አሉኝ። በርበሬ ተውኩ፤ ሽሮዬን እንደ ሕፃን ምግብ ነጭ አድርጌ በላሁ። ሦስተኛው ጋ ያለው ሰውዬ የሚንቀጠቀጥ እጄን አየና "ነርቭ ነው። ጭንቀት አለብሽ?" አለኝ። "አሁን ጀመረኝ" አልኩት። እሱም ኪኒን ሰጠኝ፤ ያስተኛል ያለው ኪኒን ቀን ቀን ማሽኔ ላይ እያስተኛኝ ጣቴን በመርፌ ከመውጋት በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም።

ሰፈሩም የራሱን ምርመራ አደረገ። አንዱ "ዓይን ነው" አለ፣ ሌላው "ጅን ነው" አለ። አባቴ ሽማግሌዎች ጠርተው ዱዓ አስደረጉልኝ። አልዋሽም፣ ያን ምሽት ልቤ አረፈ፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲለምንለት የማያርፍ ልብ የለም። እጄ ግን በማግስቱም ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሽታዬን መጀመሪያ ያዩት ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሳቸው ሱቅ አላቸው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ማር፣ ዘይት ይሸጣሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ጾማቸውን እኔ አውቅላቸዋለሁ፣ ረመዳኔን እሳቸው ያውቁልኛል። አንድ ቀን ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ውሃ ስጠጣ ትክ ብለው አዩኝና፣

"አንቺ ዘይኑ፣ እስቲ ድገሚ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ውሃውን ነዋ! ዋጥ አድርጊ።"

ዋጥኩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ይቺማ አንገትሽ ላይ ወጣ ገባ ትላለች። እንቅርት አብቅለሻል እኮ! ዓይንሽም የዛሬ ዓመት እንዲህ ፈጦ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ተቆጥተሽ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ሱቁን ቆልፈው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ እጄን ይዘው እየጎተቱ መርሳ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

እዚያ ያለው የጤና መኮንን ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። አንገቴን ከኋላ ቆሞ በጣቶቹ ዳሰሰ፣ ውሃ አስዋጠኝ፣ እጄን አስዘርግቶ ወረቀት አስቀመጠበት፤ ወረቀቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አንገት ላይ አንዲት እጢ አለች፣ የሰውነትን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሆርሞን የሚባል ነገር ታመነጫለች። የኔ እጢ አብጣ ከልክ በላይ እያመነጨች ነው። "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ። ስነግረው "ማሽንሽን እግርሽን ካነሳሽለት በኋላም አልቆም ቢልሽ ማለት ነው" አለ። በሽታዬ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ይገድላል?" አልኩት።

"ዝም ከተባለ ልብን ያደክማል። ከታከመ ግን የሚመለስ ነገር ነው። ወልድያ ሄደሽ የደም ምርመራ ማድረግ አለብሽ። ከዚያ ኪኒን ነው፣ ግን ረጅም ነው፤ ዓመትም ዓመት ተኩልም ሊሆን ይችላል።" ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ጠየቀኝ፤ "የጤና መድን አላችሁ?"

የለንም። ለማያውቀው ልናገር፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ማለት ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል የሚታከምበት ነው። እኛም አንድ ሰሞን አባል ነበርን። በዓመቱ መጨረሻ አባቴ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው "ይኸው ዓመቱን ሙሉ ማንም አልታመመ፤ ከሰርን" አሉ። ጓደኞቻቸውም "እኛም ከሰርን" አሉ። ጤነኛ ሆነን ስለከረምን ተበሳጭተን አቋረጥነው። ይህን የሚያደርግ ሰፈር የኛ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ አጠገባችን ውርጌሳም ግራናም ብትጠይቁ "ሳንታመም ገንዘባችን ቀለጠ" የሚል አታጡም። አሁን ደግሞ ልክፈል ብል የምከፍለው የለኝም፤ መስፋት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። መድኑ የለ፣ ሥራው የለ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት እንዲህ ነው። የኔ ደግሞ እንቅርቱም የእውነት ነው።

የቀረችኝ ማሽኗ ናት። አንድ ሰውዬ ከውርጌሳ መጥቶ አያት፤ ተሽከርካሪዋን በእጁ አዞረ፣ ዘይቷን አሸተተ፣ ወደዳት። "ሐሳብሽን ስትጨርሺ ደውዪልኝ" ብሎ ሄደ። ብሸጣት ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒት እገዛለሁ። ከዚያስ? እጄ ቢድንስ በምን እሰፋለሁ? እንቅልፍ የማጣው በዚህ ሐሳብ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መሬማ ናት መንገዱን ያሳየችኝ። ለመክፈል አቅም የሌለውን ቤተሰብ መንግሥት የሚሸፍንለት መንገድ አለ፣ የምዝገባው ሰሞን እየመጣ ነው አለችኝ። ኮሚቴ በየቤቱ ዞሮ ኑሮን ያያል፤ ከዚያ የተመረጡት ስም በቅሬው ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ የሚቃወም ይቃወማል፣ የቀረ ካለ ይባላል። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ ስንሞት የሚቀብረን፣ ስንጣላ የሚያስታርቀን እሱ ነው። "የናንተን ቤት እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ መሬማ። "ያለውን እንዳለ ማሳየት ነው፣ ሌላ ምንም አይጠበቅባችሁም።"

ለአባቴ ነገርኳቸው። "ነገ ከሰዓት ኮሚቴዎች ይመጣሉ፣ ኑሯችንን ሊያዩ" አልኩ። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት "ይመጣሉ" የሚለውን ብቻ ነው።

አባቴን ማወቅ አለባችሁ። በደህናው ዘመን እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ቤታችን ግራና ሳለ ለገበያ የወጣ፣ መሽቶበት የቀረ፣ ዝናብ ያገኘው ሁሉ እኛ ጋ ነበር የሚያድር። እናቴ "ሰይድ፣ እኛ ምን እንበላለን?" ስትላቸው "አላህ ያውቃል፣ አንቺ ለእንግዳው አቅርቢ" ነበር መልሳቸው። ንግዱ ከጠፋ፣ አገሩም በጦርነት ከተተራመሰ ወዲህ ምንም የላቸውም። እንግዳ ሲባሉ ግን እንደ ድሮው ልባቸው ይነሳል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ የልቤን ምት ለማስለካት ሄጄ ስመለስ የገዛ ቤቴን አላወቅሁትም። መሬቱ ላይ ዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። መሐሉ ላይ ባለ ወርቅ ቀለበት የሻይ ብርጭቆ ተደርድሯል፣ ፔርሙዝ አለ፣ ጎድጓዳ ሰሃን ሙሉ ማር አለ፣ የተላጠ ፓፓያና ብርቱካን አለ። ኮሚቴው እስላምም ክርስቲያንም የተቀላቀለበት ስለሆነ ሥጋ እንዳላሰቡ ገባኝ፤ አስተዋይነታቸውስ ልክ ነው! አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መሐል ተቀምጠዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስና መሬማ ዙሪያውን ተቀምጠው ይበላሉ።

"አባ ሰይድ፣ እንግዲህ ኑሮ እንዴት ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አባቴ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ሙሉ ነው። ምን ጎድሎብን! ልጄ ባለሙያ ናት፣ ማሽን አላት። አላህ ያልሰጠን ምን አለ? ብሉ እንጂ፣ ምን ዝም ትላላችሁ! ማሩን ሳሳችሁለት እንዴ?"

መሬማ አየችኝ። እኔ በር ላይ እንደቆምኩ ነኝ። በእንግዳ ፊት አባትን "ይዋሻሉ" ማለት እኛ ጋ የለም፤ ግልፍተኛ ብሆንም እስከዚያ አልደርስም። "ታማ ነበር እኮ" አለች መሬማ ቀስ ብላ።

"ጉንፋን ነው" አሉ አባቴ። "አላህ ያሽራታል፣ ኢንሻአላህ።"

ሊቀመንበሩ ሲወጡ አባቴን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "እንደናንተ ያለውን ቤት ያብዛልን" አሉ። ከዝርዝሩ የቀረነው በዚያች ቃል ነው።

ያን ምሽት ከአባቴ ጋር በሕይወቴ እንደዚያ ተጣልቼ አላውቅም። "አባ፣ ምን አደረጉኝ? ሊረዱን ነበር እኮ የመጡት!" አልኩ። እሳቸው ምንጣፉን በእጃቸው እያሻሹ ቆዩ።

"የቤቴን ደጃፍ የረገጠ ሰው ባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ?" አሉ። "እንዴት ነህ ሲሉኝስ ምን ልበል? አላህ አልሰጠኝም ብዬ ጌታዬን ልክሰስ? በቅሬው ፊት ሰይድ ድሃ ነው ተብሎ ይነበብ?"

"ጌታን መክሰስ አይደለም! እኔ ልሞት ነው!"

ተነስተው ለሶላት ቆሙ። ስግደታቸውን አስረዘሙት። እኔም ለውርጌሳው ሰውዬ በሚቀጥለው ገበያ ናና ውሰዳት ብዬ ደወልኩ።

የቅሬው ስብሰባ ከገበያው ቀን በፊት ዋርካው ሥር ተደረገ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠናል። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ናቸው። በነፃ የሚታቀፉት ስም ተነበበ። ዓይኗ የጠፋ አሮጊት አለች፣ ባሏ የሞተባት ባለ ብዙ ልጅ አለች፤ ሁሉም ይገባቸዋል። የኛ ስም የለም። "ቀረ የምትሉት አለ?" አሉ ሊቀመንበሩ። ልነሳ ፈለግሁ። ልቤ እንደዚያ ሲመታ ግን እግር አይታዘዝም፤ መነሳቱ ቀርቶ መተንፈስም ከበደኝ። "ከሌለ እንዝጋ" አሉ።

እትዬ ደብሬ ከጎኔ ተነሱ።

"እኔ ለዚህ አይደለም የመጣሁት" አሉ ጮክ ብለው። "እኔ ምንጣፌን ልጠይቅ ነው።"

ሰው ዞረ። "የምን ምንጣፍ ነው፣ ደብሬ? ስብሰባ ላይ ነን" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አውቃለሁ። ባለፈው አባ ሰይድ ቤት የተቀመጣችሁበት ቀዩ ምንጣፍ የኔ ነው። ሻይ የጠጣችሁበት ብርጭቆ የኔ ነው። ፔርሙዙ የኔ ነው። ማሩም ከኔ ሱቅ ነው የወጣው። ፓፓያዋን ብቻ አላውቃትም፣ ከየት እንዳመጧት እግዜር ይወቅ። እዚያ ቤት የሳቸው የነበረ ነገር ቢኖር ግቡ፣ ብሉ ማለቱ ነው። ይቺ ልጅ ሌት ተቀን ልቧ እየመታ ልትወድቅ ነው፤ ነገ ማሽኗን ልትሸጥ ነው። ታዲያ እናንተ በኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ ሀብታም ናቸው ትላላችሁ?"

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሁሉም አባቴን ያያል። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። በእፍረት መሬቱ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ ደግሞ እትዬ ደብሬ ላይ ተጠምጥሜ ብስማቸውም ደስ ባለኝ። ሁለቱም እውነት ነበር።

"አባ ሰይድ፣ እውነት ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ በዝግታ።

አባቴ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ "ምንጣፉ የሷ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ምንጣፉ የደብሬ መሆኑን እኔም አውቄዋለሁ" አሉ። "ልጄን የዳርኩ ቀን ተውሼዋለሁ። ጥጉ ላይ የተቃጠለችውን ቦታ ሳያት ለይቻታለሁ። ግን ሰው ቤት ተቀምጬ እንግዳ ተቀባዩን እንዴት ላሳፍር? ዝም አልኩ።" ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩም ራሳቸው ለክርስትና ተውሰውት እንደነበር ትዝ አላቸው። መርሳ ላይ በዚያ ምንጣፍ ያልተከበረ ሰው የለም ለካ! "ይግቡ!" አለ ሰው፤ እጅ ወጣ፣ ስማችን ገባ። መሬማ ከሩቅ አይታኝ ዓይኗን ጠረገች።

አባቴ ለብዙ ቀን እትዬ ደብሬን አላናገሩም። ሰላምታቸውን በአገጫቸው ብቻ ነበር የሚመልሱት። በመጨረሻ እትዬ ደብሬ በራችን ላይ ቆመው "አባ ሰይድ፣ ሌላው ቢቀር ምንጣፌን ይመልሱልኛ! ሌላ ሀብታም ሊዋሰኝ መጥቷል" አሉ። አባቴ ሳይወዱ ሳቁ። ምንጣፉን ራሳቸው ተሸክመው አደረሱ።

ለገዢውም ደውዬ "ትንሽ ታገሠኝ" አልኩት። ማሽኗ ተረፈች ብዬ ለመደሰት ግን አልቸኮልኩም። ጤና ጣቢያው ወደ ወልድያ ሪፈር ጻፈልኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እስኪከፈት ጠበቅን። ወልድያ ስደርስ ካርድ ክፍሉ ጋ ያለው ወረፋ ግቢውን ዞሮ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የግራና ሴት ብርቱካኗን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ሽንት ቤት ስሄድም ወረፋዬን ነጠላዋን ዘርግታ ጠበቀችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ አላህ በያለችበት ይጠብቃት። ሐኪሟ መረመረችኝ፣ ደም ተወሰደ፤ ደሙ ለምርመራ ሌላ ከተማ ስለሚላክ ውጤቱ እስኪመጣ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠችኝ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልከፈልኩም። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ግን "ጉዱ ዋናው መድኃኒት ላይ ነው፤ የለም ብለው ውጭ ግዙ ይሏችኋል" ይል ነበር። ውጭ ከተባልኩ ዓመት ሙሉ የምገዛበት የለኝም፤ ማሽኗ መሸጧ ነው። ሁለተኛውን ቀጠሮ የጠበቅሁት በዚህ ስጋት ነው።

ዋናው ኪኒን በኋላ ምን እንዳደረገልኝ አስቀድሜ ልጨርስላችሁ። ቶሎ አልሠራም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ ሳላይ "ይሄም እንደ ታይፎይዱ ነው" ብዬ ልጥለው ደርሼ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የበሽታ እንቅልፍ ሳይሆን የሰው እንቅልፍ። ላቡ ደረቀ። ያጠበብኩትን ቀሚስ መልሼ አሰፋሁ። አንድ ሰው ስቆጣ አይቶ "ዛሬማ ቁጣሽ እንደ ድሮው ሆነ፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። አሁንም እውጣለሁ፣ አሁንም ለክትትል እመላለሳለሁ፤ ሐኪሟ ምናልባት በኋላ ቀዶ ጥገና ይኖራል ብላኛለች፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላኛለች። ይህን ኪኒን የምትውጡ ካላችሁ ግን ትኩሳትና ጉሮሮ ሕመም ድንገት ከያዛችሁ ችላ ሳትሉ ሩጡና ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እኔን ያስጠነቀቀችኝ እንዲህ ነው። ተሽሎኛል ብላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። መድን ያላችሁም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ስትመላለሱ ትውላላችሁ። የሌላችሁ ደግሞ በጤናችሁ ዘመን ግቡ። ሳንታመም ከረምን ብሎ መክሰር የለም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደዚያ ወደ ሁለተኛው ቀጠሮ ልመለስ። አባቴ "ብቻሽን አትሄጂም" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ "የጠረጠርነው ነው" አለችና ማዘዣ ጻፈች። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ተሰለፍኩ፤ አባቴ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ወረፋዬ ሲደርስ ማዘዣውንና የመድን መታወቂያውን አሾልኬ ሰጠሁ። ወጣቱ ፋርማሲስት አየውና ወደ ውስጥ ገባ። ቆየ። "የለም ሊለኝ ነው" አልኩ በልቤ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዞ ተመለሰ። አወሳሰዱን ነገረኝ፣ ፌስታል ውስጥ ከተተልኝ፣ ከኋላዬ ያለውን ጠራ። እኔ ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

"ሌላ ነገር አለ?" አለኝ።

"የምከፍለውን ልትነግረኝ ነው ብዬ።"

"መድን አይደለሽ እንዴ? ጨርሰሻል።"

"በቃ? ማሽኔን አልሸጥም?"

"የምን ማሽን?" አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

እዚያው መስኮቱን ይዤ አለቀስኩ። አባቴ ደንግጠው በከዘራቸው ሰው እየገፉ መጡ። "ምን አደረጋችኋት?" አሉ። "ምንም አባ፤ ጨርሰናል። ሰጡን፣ ምንም አንከፍልም" አልኳቸው። ፌስታሉን አዩ፣ ልጁን አዩ። የሰው ነገር ተቀብለው ባዶ እጃቸውን ዘወር ብለው አያውቁም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ቆይተው ባዶውን አወጡት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ወረፋው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

"ልጄ፣ ሰይድ እባላለሁ" አሉ። "ለመጣው ሁሉ ሳበላ የኖርኩ ሰው ነበርኩ። ዛሬ የምሰጥህ የለኝም። ድሃ ነኝ። ዱዓ ብቻ አለኝ፣ ትቀበለኛለህ?"

አባቴ "የለኝም" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊታቸው ላይ እፍረት ፈለግሁ፤ አልነበረም።

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ተነሳ። "ይመርቁኝ አባባ" አለ። አባቴ ከዘራቸውን ለኔ ሰጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። "የሰጠህበትን እጅ አላህ ያለምልመው። እናትህን በሕይወት ያኑርልህ። የሰው ፊት አያሳይህ" አሉ። ወረፋው ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። ከኋላዬ የነበረች ሴት ሕፃኗን ወደ ፊት አቀረበችና "አባባ፣ ለዚችም" አለች። ቀጥሎ እግሩ ጄሶ የታሰረ ሰውዬ መጣ፣ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች። አባቴ የእያንዳንዱን ስም፣ አገሩን፣ ሕመሙን ይጠይቃሉ፤ "ቅረብ እንጂ፣ ምን ሩቅ ትቆማለህ!" ይላሉ። ፋርማሲስቱ እየሳቀ "አባባ፣ ወረፋዎን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉልኝ" አላቸው። ወደ ጎን አደረጉት እንጂ አልበተኑትም። የመርሳ የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሎን ሲሄድ እሳቸው ገና ሰው እየመረቁ ነበር።